በእኔ እጅ የተጻፈ ምርጫ

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ቤዛ ዝናብ እየመታት ቤቴ ድረስ መጣች። ባጃጁ ከአስፋልቱ ዳር አውርዷት ኖሮ በጭቃው ስትዘል ጫማዋ ከብዷታል። ገና ወንበር ሳትይዝ ስልኳን አወጣችና፣

«አክስቴ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ተከፍቷል፤ የሚሞላው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። አንቺ ስንቱን ተማሪ አስመርጠሽ የለ? ደስ እንዳለሽ ሙይልኝ፤ እኔ እንደሆነ ዞሮብኛል» አለችኝ። ስልኩን መዳፌ ላይ አኑራ እርጥብ ሹራቧን ልታሰጣ ወደ ጓዳ ገባች።

መነጽሬን አድርጌ ስሞቹን ተመለከትኩ። ዛሬ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲ አለ። አንዱን ብነካው ልጅቱ ደቡብ ትወርዳለች፤ ሌላውን ብነካው እዚሁ ደብረ ታቦር ከእናቷ ጓሮ ትቀራለች። ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ብላክቦርድ ፊት የቆምኩ ሴት ነኝ። ተማሪ ስገሥጽም፣ ወላጅ ስከራከርም ደፋር ነኝ ይሉኛል። የሌላን ሰው ምርጫ በራሴ እጅ መሙላት ግን እስካሁን አልደፍርም።

ቤዛ ተመልሳ ስልኩን እንደያዝኩ ስታገኘኝ «ምነው?» አለች።

«ቁጭ በይ» አልኳት። ይህን ታሪክ ለእናቷም እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ባጃጅም አልነበራትም። ጠዋት ጠዋት ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ እኛም ደብተራችንን በደረታችን አቅፈን ነፋሱን በጎናችን እየገፋን ወደ ትምህርት ቤት እንወጣ ነበር። በአገሪቱ ያሉት ኮሌጆች ጥቂት ስለነበሩ ከመቶ ልጅ የሚያልፈው የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ሁላችንም፣ ሰነፉም ጎበዙም፣ የምናወራው ስለ ፈተናና ስለ ምርጫ ብቻ ነበር።

ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ ይበልጣል ነበር። እንደ ስሙ በዕድሜም ይበልጠናል። ዓይኖቹ የጠፉት በስምንት ዓመቱ፣ ኩፍኝ ገብቶ መንደሩን ያስለቀሰ ጊዜ ነው። እናቱ እማ ጥሩዬ ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ባላገር ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። ዓይኑን ሲያጣ እንደ አገሩ ወግ ለየኔታ ሰጡት፤ ዜማ ተማረ፤ ጥቂት ቅኔም ቀመሰ። መሪጌታ ይሆናል ሲሉት «ዘመናዊውንም ልየው» ብሎ ከተማ ገባ። «ልየው» ነበር የሚለው። ዕውር መሆኑን ከእሱ በላይ የምናስታውሰው እኛ ነበርን።

እኔ አንባቢው ነበርኩ። ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ ያረጀ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ቁጭ ብለን የታሪኩንም የጂኦግራፊውንም መጽሐፍ አነብለት ነበር። አገጩን ምርኩዙ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ ከሰማ በቃው። እኔ ሦስቴ አንብቤ ያልገባኝን እሱ አንድ ጊዜ ሰምቶ መልሶ ለእኔ ያስረዳኛል። የአማርኛ ሰዋስውማ አይወራ፤ በቅኔው መንገድ ግሡን ከነዘሩ ሲዘረዝረው መምህራችን እንኳ አንዳንዴ ጆሯቸውን ጣል ያደርጉ ነበር። ሲርበን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እንበላለን። እናቱ የሚልኩለት የጉና ድንች ልጣጩ በራሱ ይፈነዳል፤ ውስጡ ዱቄት ነው። ዛሬ ከገበያ የምገዛው ለምን እንደዚያ እንደማይጣፍጠኝ አላውቅም። ምናልባት ያኔ ስለሚርበኝ ይሆናል።

ወደ ቤት ስንሄድ ምርኩዙን እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ እንይዛለን። ሴት ልጅ የጎረምሳ እጅ ይዛ ስትሄድ ብትታይ አገር ያወራል፤ ምርኩዝን ግን ማንም አያማም።

የምርጫው ነገር የተሰጠው ለጂኦግራፊ መምህራችን ለጋሽ አስናቀ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ካፖርት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሌላ መምህር ቢሆን «ነጥብህ ይህን ከሆነ ይህን ምረጥ» ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ከየካቲት ጀምረው አስጨነቁን። አንድ ቀን አንድ በአንድ እያስነሡ ምን መሆን እንደምንፈልግ ጠየቁን። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ፓይለት አልን። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣

«እናንተ ልጆች፣ ያላያችኋትን ሙሽራ ለማግባት ሽማግሌ እየላካችሁ ነው» አሉ። «ሐኪም ስም ነው። ዳኛ ስም ነው። ሥራውን ታውቁታላችሁ? ከመምረጣችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ቀን የምትሉትን ሥራ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ዋሉና ያያችሁትን ንገሩኝ።»

እኔ ነርስ እሆናለሁ እል ስለነበር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከረፋዱ ላይ አንድ ገበሬ እግሩ ላይ የወጣበትን እባጭ ሲበጡለት አየሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ደጅ ላይ ድንጋይ ተንተርሼ ውኃ ሲረጩኝ ነው። ለጋሽ አስናቀ ስነግራቸው ሳቁና «ጥሩ፤ አንድ ሥራ ቀነስሽ። ይህም ዕውቀት ነው» አሉኝ።

ይበልጣል ግን ፍርድ ቤት ሄደ። ለአንድ ቀን የተባለውን ሦስት ቀን ዋለበት። በሦስተኛው ቀን አብሬው ነበርኩ። አንዲት ባልቴት የድንበር ክስ ኖሯቸው ቀረቡ። የባላጋራቸው ጠበቃ አንቀጽ በአንቀጽ ላይ እየደረበ ሲናገር ቆየ። እሳቸው ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን አደግድገው «ጌታዬ፣ እኔ ቁጥር አላውቅም፤ ድንበሩን ግን አውቀዋለሁ፤ ግራሩ ነው» አሉና ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተምታታባቸው። ስለ ባላቸው ሞት ጀመሩ፤ ስለ በሬ አወሩ፤ ዳኛውም ቀጠሮ ሰጥተው አሰናበቷቸው።

ደጅ ስንወጣ ይበልጣል ድምፃቸውን ተከትሎ ደረሰባቸውና «እናቴ፣ እስቲ ነገሩን ከመነሻው ይንገሩኝ» አላቸው። ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ነገሩት፤ ረጅም ነበር። ሲጨርሱ መልሶ ለራሳቸው ነገራቸው። በሦስት ከፍሎ፤ መጀመሪያ መሬቱ እንዴት እንደመጣ፣ ቀጥሎ ግራሩ መቼ እንደተተከለና ማን እንደመሰከረ፣ በመጨረሻም ባላጋራቸው መቼ እንደገፋ። አንድም ቃል አልጨመረም፤ ሥርዓት ብቻ ነው ያስያዘው። ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«አየ ልጄ! ይህን እዚያ ውስጥ ሳለን ለምን አልተናገርህልኝም?» አሉት።

 ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ገበያው አጠገብ ስንደርስ «ሕግ ነው የምማረው» አለ። ሕግ የሚማሩት አዲስ አበባ ነበር።

ይህን ወሬ እናቱ በምን እንደሰሙት አላውቅም። በቀጣዩ ቅዳሜ ገበያ ውለው ሲመለሱ ቤታችን ጎራ አሉ። ለእናቴ አንድ ቁና ገብስ አመጡላት፤ ከእሷ ጋር ስለ ጉልበታቸው ቁርጥማት ሲጫወቱ ቆዩና እናቴ ወደ ጓሮ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሹዬ፣ እኔ ፊደል አላውቅም። ያን ወረቀት የምትሞይለት አንች ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ እማ ጥሩዬ።»

«አዲስ አበባ መኪናው እንደ ጎርፍ ነው ይላሉ። ዓይን ያለው እንኳ አይተርፍ። ልጄን አታርቂብኝ። ባሕር ዳር ቢሆን በአንድ ቀን ደርሼ አየዋለሁ፤ አንችም እዚያው ነሽ። ዓይኑ አንች አይደለሽ?»

ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ ዘልዬ ተነሣሁ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ጉልበቴን ሊስሙ! ክንዳቸውን ይዤ «እሺ፣ እሺ» አልኩ። «እሺ» ያልኩት እንዲነሡ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሌላም ነገር ነበረኝ። ባሕር ዳር ያለውን፣ የአማርኛ መምህርነትም የሚሰጥበትን የመምህራን ኮሌጅ ከመረጥኩ ቆይቻለሁ። ያለ ይበልጣል ባሕር ዳርን ሳስበው ከተማው ባዶ ይሆንብኝ ነበር። ያ ስሜት ምን እንደሚባል ያኔ አላውቅም፤ ባውቅም በዚያ ዕድሜ ለማንም አልናገረውም። እናቱ ሲለምኑኝ ለራሴ የማልደፍረውን ነገር ሰው አዞ የፈቀደልኝ መሰለኝ።

ቅጹ የመጣው ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፤ ለየምርጫው ባዶ መስመር አለው። ጋሽ አስናቀ እየቆጠሩ አደሉንና «ዛሬውኑ ሞልታችሁ መልሱ፤ ሰኞ በጠዋት ይዤው ባሕር ዳር እወርዳለሁ» አሉ። ይበልጣልና እኔ ወደ አግዳሚያችን ሄድን። የእኔን ሞላሁ። ከዚያ የእሱን ጭኔ ላይ ካለው ደብተር ላይ ዘረጋሁ። ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ነፋስ እንኳ አልነበረም።

«አንደኛ» አለ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ «ሕግ።»

እኔ «የአማርኛ ቋንቋ መምህርነት» ብዬ ጻፍኩ።

«ሁለተኛ፣ የአማርኛ ቋንቋ መምህርነት።»

እኔ «ሕግ» ብዬ ጻፍኩ።

ያደረግሁት ይኸው ነው። አንድ ቃል አልሰረዝኩም፤ ቦታ ብቻ አቀያየርኩ። ሕጉን እኮ አላጠፋሁትም፣ ሁለተኛ ነው ያደረግሁት እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ሲጨርስ «ጻፍሽው?» አለኝ። «ጻፍኩት» አልኩ። ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኩት። ቅጹን ለጋሽ አስናቀ ስሰጥ ፊታቸውን ቀጥ ብዬ እያየሁ ነበር። የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሌሊቱ ግን አልሆነልኝም። ዓርብም ምግብ አልወረደልኝም። እንደ ዕድል ሆኖ እናቴና እማ ጥሩዬ ለቁርጥማታቸው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ነበር፤ ቅዳሜ ስንቅ ልናደርስላቸው ይበልጣልና እኔ ተነሣን። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱ ብርዱ እንደ ልብስ ከሰው ላይ ይወልቃል። ከቁልቁለቱ በታች የፎገራ ሜዳ በሚያዝያ ፀሐይ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ወረታ ላይ ማንጎ ገዛን። ከሐሙሲት ወዲያ በእግራችን ነበር፤ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ይበልጣል መንገዱን ሁሉ ጨዋታ አላመጣም። ዝምታውን ድካም ነው አልኩ።

እሑድ ጠዋት እናቶቻችን ከሴቶቹ ጋር ፍል ውኃው ውስጥ ነበሩ። እንፋሎቱ ከድንጋዩ መካከል ይነሣል፤ አየሩ ድኝ ድኝ ይላል፤ የሚታጠቡት ሴቶች ሳቅና «እህ» የሚለው ድምፃቸው ይሰማል። እኛ ራቅ ብለን ከወንዙ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠን በሶ እንበላ ነበር። ይበልጣል እጁን ታጠበና፣

«የሹ» አለኝ፣ «ሕግ ስንት ፊደል ነው?»

«ሁለት» አልኩ ቶሎ፣ እንደ ተማሪ።

«እኔም የማውቀው ሁለት ነው። ሐሙስ ዕለት ግን አንደኛ ብዬሽ ስትጽፊ እስክሪብቶሽ ብዙ ተጓዘ። ሁለተኛ ብዬሽ ረጅሙን ስነግርሽ ደግሞ እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ አንቺ ጨረስሽ።»

የያዝኩትን በሶ አስቀመጥኩ። 

«ያን ጊዜውኑ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት በስንት መከራ።

«ትነግሪኛለሽ ብዬ። ሐሙስ ጠበቅሁ፤ ዓርብ ጠበቅሁ፤ ትናንት መንገዱን ሁሉ ጠበቅሁ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ ወረቀቱ ይሄዳል።»

«እናትህ ለመኑኝ።»

«እናቴ ትለምን፤ እናት ናት። የጻፈችው እጅ የማን ናት?»

«ለአንተ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ለምን ከእኔ ደበቅሽው?»

ወደ ወንዙ ዞርኩ።  ተቆጥቶ ቢጮህ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «የሹ፣ እኔ ሲመሩኝ ነው የኖርኩት» አለ። «ለየኔታ የሰጡኝ ሳይጠይቁኝ ነው፤ ልጅ ነበርኩ፤ አልከፋኝም። ይህ ግን የመጀመሪያው የራሴ ቃል ነበር።»

አለቀስኩ። ከአንጀቴ አለቀስኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝና «ተነሺ፤ አሁን ብንነሣ እንደርሳለን» አለ።

ለእናቶቻችን መንገር ነበረብን። እማ ጥሩዬ ከውኃው ወጥተው ነጠላቸውን እያጣፉ አገኘናቸው። ይበልጣል «እናቴ፣ ምርጫዬን ላስተካክል እሄዳለሁ፤ አዲስ አበባ ነው የምማረው» አላቸው። እሳቸው ወደ እሱ አላዩም፤ ወደ እኔ ነው ያዩት። ፊቴን አይተው ሁሉም ገባቸው።

«አንች ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አደራዬን በላሽ።»

በአንድ ሳምንት ውስጥ የሁለት ሰው አደራ በላሁ። ከዚያ ወዲያ «እሺ» የሚለውን ቃል በቀላሉ ከአፌ አላወጣም።

ወደ ሐሙሲት ስንመለስ ምርኩዙን ለብቻው ያዘው። እኔ እርምጃዬን እንዲሰማ እግሬን ጠበቅ አድርጌ እየረገጥኩ ከፊቱ ሄድኩ። ድንጋይ ሲኖር «ድንጋይ» እላለሁ፤ ጉድጓድ ሲኖር «ወደ ቀኝ» እላለሁ። ወረታ ስንደርስ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ አውቶቡስ አልቆ ነበር። ሾፌሮቹን እየዞርኩ ለመንኩ። በመጨረሻ ሩዝ የጫነ የጭነት መኪና ረዳት ከላይ ከጆንያው ጋር እንድንወጣ ፈቀደልን። ዳገቱን ስንወጣ ፀሐይዋ ከኋላችን ወደ ጣና በኩል ታዘቀዝቅ ነበር፤ ብርዱም እንደገና መጣ። ነጠላዬን አውልቄ ለእሱ ልሰጠው አሰብኩና ፈራሁ። ከፈራሁ በኋላ ግን ሰጠሁት። ተቀበለኝ።

ጋሽ አስናቀ ቤት ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ለመንገዳቸው ጫማ ይወለውላሉ። ፖስታው ታሽጎ ከቦርሳቸው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ይበልጣል አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት፤ መናገር ያለብኝ እኔ መሆኔ ቢያንስ ገብቶኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያደረግሁትን ብቻ፤ የለመነኝን ሰው አላነሣሁም።

ጋሽ አስናቀ ብሩሹን አስቀመጡ።  ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ለየባለቤቱ አንብቤ ማሰማት ነበረብኝ።» ከዚያ በቢላዋ ፖስታውን ከፈቱ፤ የእሱን ቅጽ አውጥተው ቀደዱት። የተረፈ አንድ ንጹሕ ቅጽ ነበራቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ አወጡና «ማን ይጻፈው?» አሉ።

እጄ እንደ ልማዱ ሊዘረጋ ሲል መልሼ ሰበሰብኩት።

«የመጀመሪያውን እኔ» አለ ይበልጣል። «ዓይኔ ሳይጠፋ የመንደራችን ቄስ ፊደል አስቆጥረውኝ ነበር፤ መጻፍም ጀምሬ ነበር።»

ጋሽ አስናቀ ጣቱን ይዘው መስመሩ መነሻ ላይ አኖሩለት። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጻፈ። «ሕ» አንድ እግሯ ከመስመሩ ወርዶ ወደ ታችኛው ባዶ ቦታ ገባ። «ግ» ከእሷ ርቃ ወደ ዳገት የምትወጣ መሰለች። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ «ይነበባል?» አለ።

ጋሽ አስናቀ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ተመለከቱት።  «ይነበባል» አሉ። የቀረውን እሳቸው ጻፉት፤ ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡለት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሰማሁ።

ከጊቢያቸው ስንወጣ ይሄ ሰው ዳግመኛ አያናግረኝም ብዬ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ጥቂት እንደሄድን ቆመና «ነገ ከምሳ በኋላ ታሪኩን ታነቢልኛለሽ አይደል? ፈተናው ደርሷል እኮ» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ እንደማያየኝ ትዝ አለኝና «አነብልሃለሁ» አልኩ።

ሁለታችንም አለፍን። እሱ አዲስ አበባ ገባ፤ እኔ ባሕር ዳር። እማ ጥሩዬ የፈሩትም ከሞላ ጎደል ደረሰ፤ በመጀመሪያው ዓመት ቱቦ ውስጥ ወድቆ ክንዱን ተሰብሮ ነበር። ደብዳቤዎቹን በየጊዜው ለተለያየ ሰው እየተናገረ ያስጽፍ ስለነበር የእጅ ጽሕፈቱ በየወሩ ይለያያል። በሰው እጅ በሚጻፍ ደብዳቤ የልብን ማውራት አይቻልም፤ ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ዝናብ ብቻ ተጻጻፍን። በዚያው ሁለታችንም በየመንገዳችን ሄድን። እሱ ዳኛ ሆነ፤ ኋላም ጥብቅና ገባ፤ ርቆ ሌላ ከተማ ይኖራል፤ ልጆች አሉት። ለቡሄ ሁልጊዜ ይደውልልኛል። ያንን ቅጽ እሱም አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሣም።

እማ ጥሩዬ ዓመቱን ሙሉ ከባሕር ዳር ለእረፍት መጥቼ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለክረምት ሲመጣ፣ ክንዱ ድኖ፣ ኮት ለብሶ ሲመጣ፣ አንድ ጆንያ ድንች አስጭነው ቤታችን መጡ። ከበሩ ላይ ቆመው «ልጄ በሰላም ገብቶልኛል» አሉኝ። «ይኸው ድንቹ። ቅያሜዬን ግን ገና አልጨረስኩትም።» ግቡ ብንላቸውም አልገቡም። ሁለተኛው ክረምት ላይ ግን ገቡ።

ከዚያ ወዲህ እኔም በተራዬ ስንት ልጅ አስመረጥኩ። አልመርጥላቸውም፤ አስመርጣቸዋለሁ። ምን እንዳዩ እጠይቃለሁ፤ ከሠራተኛው ዘንድ ሄደው እንዲውሉ እልካቸዋለሁ፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ሲጽፉ ግን መስኮቱን እመለከታለሁ። ይህ ሁልጊዜ አይሳካም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ የመረጠውን ትምህርት ጠልቶት፣ ሁለት ዓመት አባክኖ ተመለሰና «መምህር፣ ታውቂ ነበር እኮ፤ ለምን አልከለከልሽኝም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንደማይሆነው ገምቼ ነበር፤ ነግሬውም ነበር፤ አልሰማኝም። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። እጁን ይዤ ባጽፈው ይሻል ነበር? አላውቅም። የማውቀው እሱ በእኔ ቢናደድም ዓይኔን ቀጥ ብሎ እያየ መናደዱን ነው። ከእኔ የደበቀው፣ እኔም ከእሱ የደበቅሁት ነገር አልነበረም።

ቤዛ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ስልኳን ወስዳ ሶፋው ጥግ ላይ ኩምትር ብላ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ፤ እኔም የማውቀውን መለስኩ፤ የማላውቀውን ለሚያውቅ ሰው አስደወልኳት። ዓርብ ዕለት በራሷ ጣት ሞላችው። አርባ ምንጭን አንደኛ አደረገች፤ ስለ ውኃ ልማት ልትማር። እኔ ብጠየቅ ጎንደርን እመርጥላት ነበር።

እኅቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። «ልጄን አንቺ ነሽ ያራቅሽብኝ» ብላ በጎረቤት አስነግራብኛለች። በስልክ ብደውል አታነሣም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብታየኝ በሌላው በር ትወጣለች። ልጅቱ ራሷ እንደመረጠች ሄጄ አላስረዳትም፤ ያስረዳኋት ቀን ቅያሜው ሁሉ ወደ ልጅቱ ይዞራል። ልጅ አገር ለቆ ሲሄድ በቤቱ ውስጥ የሚቀየሙት አንድ ሰው ያስፈልጋል። እሱ እኔ ልሁን፤ ልጅቱ የእናቷን ምርቃት ይዛ ትሂድ።